ሦስት ቅርንጫፍ፣ አንድ ዓይነት አድራሻ፦ ድሬዳዋና ሐረርን ስናገናኝ ያየሁት

"ካሜራው ሱቅ ውስጥ ስሆን ይታየኛል፤ ከሱቅ ስወጣ ግን ድራሹ ይጠፋል።" ድሬዳዋ ላይ የሱቅና የመጋዘን ኔትወርክ የሚሠራ ሰው ይህን ቅሬታ በየጊዜው ይሰማል። የእኔም ሥራ ይኸው ነው፤ ኬብል እዘረጋለሁ፣ ራውተር አስተካክላለሁ፣ ካሜራ እሰቅላለሁ። አንድ ደንበኛዬ ጋ ግን ከካሜራ የጀመረው ጉዳይ የሦስት ቅርንጫፎችን የኔትወርክ አድራሻ (ማሽኖች እርስ በርስ የሚገናኙበትን ቁጥር) በሙሉ እንደ አዲስ ወደመደልደል አደረሰን። እንዴት እንደሄድንበት ልንገራችሁ። ቅርንጫፍ ላለው ነጋዴም፣ እንደ እኔ ላለ ቴክኒሻንም የሚሆን ነገር አለው።

ደንበኛዬ አስመጪ ናቸው። መጋዘናቸው እዚሁ ድሬዳዋ ሳቢያን፣ ሱቃቸው ቀፊራ፣ ሌላው ቅርንጫፍ ሐረር ነው። ሰው ሁሉ ሀጂ ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው። ለዕቃ ጅቡቲ ይመላለሳሉ። "አቦ፣ እዚያ ሆኜ ሱቄን ካየሁ ይበቃኛል፤ ሌላ ምንም አልጠይቅህም" አሉኝ። ጠየቁኝ እንጂ! ቀጥሎ የሐረሯ ገንዘብ ተቀባይ ሳቢያን ያለውን የዕቃ ዝርዝር በቀጥታ እንድታይ ፈለጉ። ከዚያ ደግሞ ጅግጅጋ ቅርንጫፍ የመክፈት ወሬ መጣ።

መጀመሪያ የቀፊራውን ራውተር ገጽ ከፍቼ በውጭ በኩል የተሰጠውን አድራሻ አየሁ። በ100.78 ይጀምራል። ይህችን ቁጥር ያየ ሰው ፖርት (ከውጭ ወደ ካሜራው የሚያስገባ ቁጥር ያለው በር) ልክፈት ብሎ አይልፋ። ከ100.64.0.0 እስከ 100.127.255.255 ያለው ክልል እ.ኤ.አ. በ2012 ለአንድ ሥራ የተለየ ነው። የኢንተርኔት አቅራቢዎች ብዙ ደንበኛን በአንድ የሕዝብ አድራሻ ሲያወጡ በመሀል የሚጠቀሙበት ነው። ሲጂናት ይሉታል። እናንተ ራውተራችሁ ላይ ፖርት ብትከፍቱም፣ ከእናንተ በላይ አድራሻ የሚቀያይር ሌላ ማሽን አለ። እሱን ማዘዝ አትችሉም።

ፍተሻው ቀላል ነው። ራውተሩ ላይ "ዋን" በሚለው ቦታ ያለውን አድራሻ ጻፉት። ከዚያ ስልካችሁን በዚያው ዋይፋይ አገናኝታችሁ "የእኔ አይፒ ስንት ነው" የሚል ገጽ ክፈቱ። ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ከሆኑ ደስ ይበላችሁ። ከተለያዩ በመሀል ሌላ ማሽን አለ። አንዳንዴ ያ ማሽን አቅራቢው ጋ ሳይሆን እዚያው ግድግዳ ላይ ያለ ሞደም ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ እሱን አጣሩ። አንዳንድ አቅራቢ ደግሞ በ100 ፋንታ በ10 የሚጀምር ቁጥር ይሰጣል፤ ነገሩ ያው ነው።

ሀጂ "ለምን ለእኔ የራሴን አይሰጡኝም?" ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄው ትክክል ነው። መልሱ ግን ከድሬዳዋ ይርቃል። አሁንም አብዛኛው ሰው የሚጠቀምበት አይፒቪ4 የሚባለው አሠራር እ.ኤ.አ. በ1981 ሲጻፍ ለአድራሻ 32 ቢት፣ ማለትም በ0 ወይም በ1 የሚሞላ 32 ቦታ፣ ነበር የተመደበለት። ይህ 4,294,967,296 ቁጥር ማለት ነው። ያኔ ከኔትወርኩ ጋር የተገናኘው ዩኒቨርሲቲ፣ የምርምር ተቋምና የጦር ኃይል ስለነበር የማያልቅ መስሏቸው ነበር። የዛሬው ዓለም ሕዝብ ግን ከ8 ቢሊዮን በላይ ነው፤ ለሰው አንድ አንድ ቢታደል እንኳ ለግማሹ ያህል ብቻ ነው የሚደርሰው። ለዚያውም አከፋፈሉ እኩል አልነበረም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አንድ ተቋም ከ16 ሚሊዮን በላይ አድራሻ በአንድ ጊዜ ይወስድ ነበር።

የዓለሙ ዋና ክምችት እ.ኤ.አ. የካቲት 3 ቀን 2011 አለቀ። የመጨረሻዎቹ አምስት ትልልቅ ክፍሎች ለአምስቱ የአህጉር መዝጋቢዎች አንድ አንድ ተከፋፈሉ። የእኛ አህጉር መዝጋቢ አፍሪኒክ ነው፤ መቀመጫው ሞሪሸስ። ሌሎቹ ከጨረሱ በኋላም ትንሽ ቀርቶት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 ግን እሱም በቁጠባ ማደል ጀመረ። ከ2020 መጀመሪያ ጀምሮ ደግሞ አንድ ጠያቂ በአንድ ጊዜ ሊያገኝ የሚችለው ቢበዛ 1,024 አድራሻ ሆነ። ሚሊዮኖች ደንበኛ ላለው ኩባንያ ይህ ምንም ማለት አይደለም። ስለዚህ ይጋራሉ።

መጋራቱም ልክ አለው። አንድ አድራሻ 65,536 ፖርት አለው። አቅራቢው ለአንድ ደንበኛ 1,024 ፖርት ቢሰጥና የመጀመሪያዎቹን 1,024 ቢያስቀር፣ በአንዱ አድራሻ 63 ደንበኛ ይወጣል ማለት ነው። ከነዚያ አንዱ ቫይረስ ያለበት ኮምፒውተር ቢኖረው የሚያየው ድረ ገጽ አድራሻውን ያግዳል። እናንተ ምንም ሳታደርጉ "ሮቦት አለመሆንህን አረጋግጥ" እያለ ሥዕል ያስመርጣችኋል። ያንን ገጽ ስታዩ ስልካችሁን አትርገሙ፤ ምናልባት ጎረቤታችሁ ነው።

ከሲጂናት ለመውጣት ሦስት መንገድ አለ። አንዱ ከአቅራቢው ቋሚ የሕዝብ አድራሻ በክፍያ መጠየቅ ነው። ሁለተኛው ውጭ አገር ትንሽ ሰርቨር ተከራይቶ ሁሉንም በእሱ ማገናኘት ነው፤ እዚህ ላይ በዶላር መክፈሉ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ሦስተኛው የካሜራው አምራች በሚሰጠው ክላውድ መጠቀም ነው። ይህ በጣም ቀላሉ ነው፤ ቤት ላለ አንድ ካሜራ አልቃወምም። የገንዘብ መሳቢያ የሚያሳይ ካሜራ ግን በማላውቀው ሰርቨር በኩል ሲያልፍ አልወድም። የዕቃ መዝገቡንም አይፈታም።

እኛ የመረጥነው የመጀመሪያውን ነው፣ ግን ለአንድ ቅርንጫፍ ብቻ። ይህን ብዙ ሰው አያስተውልም። ሁሉም ቅርንጫፍ የሕዝብ አድራሻ አያስፈልገውም። ሳቢያን ቋሚ አድራሻ ይኑረው፤ ቀፊራና ሐረር ራሳቸው ከውስጥ ወደ ውጭ ወደ ሳቢያን ይደውሉ። ከውስጥ ወደ ውጭ የሚሄደውን ሲጂናት አይከለክልም። ቅርንጫፎቹን በኢንተርኔት ውስጥ በምስጢር የሚያገናኘውን መሿለኪያ ዋየርጋርድ በሚባል ፕሮግራም ሠራነው። ነፃ ነው፤ ብዙ ርካሽ ራውተሮችም ይችሉታል። ቅርንጫፎቹ ላይ በየ25 ሰከንዱ ትንሽ ምልክት እንዲልክ የሚያደርገውን ቅንብር መሙላት አትርሱ። ካልሞላችሁት ትንሽ ዝም ሲባል ሲጂናቱ ግንኙነቱን ይረሳዋል፤ ከሳቢያን ወደ ሐረር መድረስ አይቻልም። ትንንሽ ገጽ ተከፍቶ ትልቅ ፋይል ከተንጠለጠለ ደግሞ ኤምቲዩ የሚለውን ቁጥር (በአንድ ጊዜ የሚላከው ጥቅል መጠን ነው) ከ1420 ዝቅ አድርጉት።

መሿለኪያው ሠራ። ካሜራው ግን አልታየም።

ምክንያቱም የሦስቱም ቅርንጫፎች የውስጥ አድራሻ በ192.168.1 የሚጀምር ነበር። ራውተሩ ከፋብሪካ ሲወጣ ይዞት የሚመጣው ቁጥር ነው፤ በየጊዜው የመጣ ቴክኒሻን እንዳለ ተወው። ለብቻቸው ሲሆኑ ምንም ችግር የለም። እነዚህ የግል አድራሻዎች ናቸው። በ10፣ በ192.168 እና ከ172.16 እስከ 172.31 የሚጀምሩት ማንም በቤቱ እንዲጠቀምባቸው የተተዉ ናቸው። ሲገናኙ ግን ጉዱ ይፈላል። ሳቢያን 192.168.1.10 የዕቃ መዝገቡ ሰርቨር ነው። ሐረር 192.168.1.10 የካሜራው መቅጃ ነው። የሐረሯ ልጅ መዝገቡን ስትከፍት ኮምፒውተሯ "ይህማ እዚሁ ነው" ብሎ ወደ መሿለኪያው ሳይልክ የራሷን ካሜራ መቅጃ ያንኳኳል።

መሿለኪያው ላይ አንዱን ቁጥር በሌላ እየተኩ ማለፍ ይቻላል። አንድ ሌላ ቦታ እንዲህ የተሠራ አይቻለሁ፤ ይሠራል። የሠራው ልጅ ከተማ ሲለቅ ግን የሚነካው ሰው ጠፋ። አንድ ማሽን እዚህ አንድ ስም፣ እዚያ ሌላ ስም ካለው ብልሽት መፈለግ የጠንቋይ ሥራ ይሆናል። ሀጂን "ቁጥሩን ከሥሩ እንቀይረው" አልኳቸው። "ሱቁ ይዘጋል?" አሉ። "አይዘጋም" አልኩ። እንዴት እንዳልተዘጋ በኋላ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ወረቀት ላይ ድልድሉን ሠራን። ዋናው ቁም ነገር እዚህ ነው። በ10 የሚጀምረውን ክልል ወሰድን፤ ሰፊ ነው፣ ወደ 16.8 ሚሊዮን ቁጥር አለው። 10.0 እና 10.1 የሚሉትን ሆን ብለን ዘለልን፤ ሆቴሉም ባንኩም እነሱን ስለሚወድ አንድ ቀን መጋጨት አይቀርም። ከ10.16 እስከ 10.31 ያለውን ለድርጅቱ በሙሉ ያዝን። ባለሙያ 10.16.0.0/12 ብሎ ይጽፈዋል፤ /12 ማለት የመጀመሪያዎቹ 12 ቢቶች አይለወጡም ማለት ነው። ከዚያ ለከተማ አራት አራት ከፋፈልነው። ከ10.16 እስከ 10.19 ድሬዳዋ፣ ከ10.20 እስከ 10.23 ሐረር፣ ከ10.24 እስከ 10.27 ለጅግጅጋ ክፍት፣ የቀረው ለማናውቀው። ሳቢያን 10.16 ሆነ፣ ቀፊራ 10.17፣ ሐረር 10.20። ሦስተኛው ቁጥር ደግሞ የዕቃውን ዓይነት ይናገራል። 10 ቢሮ፣ 20 የሽያጭ ማሽን፣ 30 ካሜራ፣ 40 የእንግዳ ዋይፋይ። ስለዚህ 10.20.30 ብሎ የሚጀምር ነገር ካየሁ ሳልጠይቅ የሐረር ካሜራ መሆኑን አውቃለሁ።

ለምን አራት አራት? ለምን አምስት አምስት አልሆነም? ራውተር ክልልን በአንድ የመንገድ መመሪያ መስመር የሚያጠቃልለው 2፣ 4፣ 8፣ 16 እያለ በእጥፍ ሲሄድና መነሻውም ለዚያ ሲመች ነው። አራት ከሆነ ሐረር በሙሉ አንድ መስመር ናት፦ 10.20.0.0/14። አምስት ቢሆን ኖሮ ሁለት ሦስት መስመር ያስፈልግ ነበር። ለሦስት ቅርንጫፍ ይህ ቅንጦት ይመስላል። ግን ውጤቱን እዩት። የሐረር ራውተር ውስጥ የጻፍነው አንድ መስመር ነው፤ 10.16.0.0/12 በሙሉ ወደ ሳቢያን። የራሱ ቤት ውስጥ ያለውን ደግሞ ራሱ ያውቃል፤ ጠበብ ያለው ክልል ሁልጊዜ ይቀድማል። ጅግጅጋ ሲከፈት ሳቢያን ላይ አንድ መስመር ይጨመራል። ሐረርና ቀፊራ ላይ ምንም አይነካም። ሐረር ላይ ሁለተኛ ሱቅ ከተከፈተና በመጀመሪያው ሱቅ በኩል ከተገናኘ ደግሞ ሳቢያን እንኳ አይሰማም።

ለሀጂ ያስረዳሁት በሚያውቁት ነው። ከጅቡቲ የተጫነ ዕቃ ደወሌ ጠረፍ ላይ ሲደርስ ማንም የቀፊራን ሱቅ በር አይጠይቅም። "ድሬ" የምትለዋ ትበቃለች። ከተማ ከገባ በኋላ ሾፌሩ ቀፊራን ይጠይቃል፤ ቀፊራ ከደረሰ በኋላ ሱቁን። ደወሌ ላይ ያለው ሰው የእያንዳንዱን ሱቅ በር መሸምደድ ቢኖርበት መንገዱ ይዘጋ ነበር። እርሳቸው ገብቷቸዋል። "ታዲያ ሱቁ ወደ ሐረር ሲዛወር አሮጌውን ምልክት ይዤ ልሂድ ብልስ?" አሉኝ። ዓለም ላይ ያሉ መሐንዲሶች ለብዙ ዓመት የተከራከሩበት ጥያቄ ይኸው ነው፤ ሀጂ በአንድ ቡና ደረሱበት።

ትንሽ ልራቅና ስለ ትልቁ ኢንተርኔት ላውራ። ሰው ሁሉ የሚያወራው ቁጥር አለቀ ስለሚለው ነው። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ግን ስጋቱ ሁለት ነበር። አንዱ የቁጥር ማለቅ፣ ሌላው የትኛው አድራሻ በየት እንደሚደረስ የሚጻፍበት የራውተሮች ማስታወሻ መሙላት። ያኔ አድራሻ የሚታደለው በሦስት መጠን ብቻ ነበር። ትልቁ ወደ 16.8 ሚሊዮን፣ መካከለኛው 65,536፣ ትንሹ 256። አንድ ሁለት ሺህ ሠራተኛ ያለው ድርጅት ትንሹ አይበቃው፣ መካከለኛው ይተርፈዋል። ብዙ ትንንሽ ሲሰጠው ደግሞ እያንዳንዱ በዓለም ራውተሮች ሁሉ ላይ አንድ አንድ መስመር ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ1993 ሳይደር የሚባለው አሠራር መጣ። ሦስቱ መጠን ቀርቶ በፈለጉት ቦታ መቁረጥ ተቻለ፤ ከአንድ አቅራቢ ሥር ያሉትን በአንድ መስመር መጠቅለልም ተቻለ። እኛ ለሐረር የጻፍነው /14 የዚያ ልጅ ነው።

ግን መጠቅለል ዲሲፕሊን ይፈልጋል። ሁለት አቅራቢ የያዘ ድርጅት አንዱ ሲቋረጥ በሌላው መታየት ይፈልጋል፤ ስለዚህ የራሱን መስመር ለብቻ ለዓለም ያውጃል። ቁጥር ገዝቶ ወደ ሌላ አገር የወሰደም እንዲሁ። ራውተሮች የሚይዙት የመንገድ ሰንጠረዥ ያብጣል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 12 ቀን 2014 ከ512 ሺህ መስመር ሲያልፍ፣ ለዚያ መጠን ብቻ ቦታ የተመደበላቸው አንዳንድ የቆዩ ራውተሮች ማስታወሻቸው ሞልቶ በየቦታው ኢንተርኔት ተንገዳገደ። ዛሬ የአይፒቪ4 ሰንጠረዥ አንድ ሚሊዮን መስመር ያህል ነው። ያንን ሁሉ ትልልቆቹ ራውተሮች በየሰከንዱ ሚሊዮን ጊዜ ያገላብጡታል። ማስታወሻ ረከሰ እንጂ ችግሩ ከሥሩ አልተነቀለም።

ሥሩ ሀጂ የጠየቁት ነው። አይፒ አድራሻ ሁለት ሥራ ደርቦ ይሠራል። "ማን ነህ" እና "የት ነህ" የሚሉትን በአንድ ቁጥር ይመልሳል። ቦታ ስትቀይር ማንነትህም ይቀየራል። ማንነትህን ይዘህ ልሂድ ካልክ ደግሞ የዓለም ራውተሮች አንተን ለብቻህ መያዝ አለባቸው። እ.ኤ.አ. በ2006 አምስተርዳም ላይ ባለሙያዎች ተሰብስበው ይህንኑ ነው ዋና ችግር ብለው የጻፉት። ከዚያ በኋላ ሁለቱን የሚለያዩ አሠራሮች ቀርበዋል፤ ሊስፕ የሚባለው አንዱ ነው። መላው ኢንተርኔት ግን አልተለወጠም። የሚሠራ ነገር ላይ ሁሉም በአንድ ቀን ካልቀየረ ጥቅሙ የማይታይ ለውጥ ማን ቀድሞ ይጀምራል?

የሚገርመው፣ እኛ ሳናስበው ሁለቱን ለያይተናቸዋል። ዋየርጋርድ ቅርንጫፉን የሚያውቀው በአድራሻው ሳይሆን በምስጢር ቁልፉ ነው። ሐረር ዋናው መስመር ሲቋረጥ ራውተሩ በሲም ካርድ ወደሚሠራ መጠባበቂያ ይዞራል። በውጭ በኩል ያለው አድራሻው ያኔ ይቀየራል። ሳቢያን ግን "ቁልፉ የሐረር ነው" ብሎ ይቀበለዋል፤ 10.20 እንደሆነ ይቀጥላል። የሐረሯ ልጅ መስመር መቀየሩን ሳታውቅ ትሸጣለች። በነገራችን ላይ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ አገልግሎቱን እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2022 በመጀመሪያ የከፈተው እዚሁ ድሬዳዋ ላይ ነበር። ሁለተኛ ኦፕሬተር ስላለ ዋናውንና መጠባበቂያውን ከተለያየ ኩባንያ መያዝ ይቻላል። ሁለቱንም ከአንድ ኩባንያ መያዝ ብዙ ጊዜ መጠባበቂያ አይባልም።

ስለዚህ ለራሴ የያዝኩት ደንብ ይህ ነው። ቁጥርን ለቦታ ስጡት፤ ማንነትን ለሌላ ነገር። ለቅርንጫፍ ቁልፍ፣ ለማሽን ስም። የዕቃ መዝገቡ ፕሮግራም ውስጥ 192.168.1.10 ተብሎ በእጅ ተጽፎ ነበር። አሁን ስም ነው የተጻፈው፤ ስሙን ወደ ቁጥር የሚቀይረው ሳቢያን ያለው ራውተር ነው። ሰርቨሩ ነገ ቀፊራ ቢዛወር አንድ ቦታ ላይ አንድ መስመር እንቀይራለን።

ሱቁ ሳይዘጋ እንዴት ተቀየረ? አሮጌውና አዲሱ አብረው እንዲኖሩ በማድረግ። ራውተሩ በአንድ ኬብል ላይ ሁለት አድራሻ መያዝ ይችላል፤ 192.168.1.1 እና 10.17.10.1 አብረው። ቀድመን ራውተሩ በራሱ (በዲኤችሲፒ) ለማሽኖች የሚያድላቸው ቁጥሮች የሚቆዩበትን የኪራይ ዕድሜ ከአንድ ቀን ወደ አሥር ደቂቃ አወረድነው። ስልክና ኮምፒውተሩ ሁሉ ከሻይ ሰዓት በኋላ አዲሱን ቁጥር ይዞ ተገኘ። ያስቸገሩት በእጅ የተሞሉት ናቸው። ፕሪንተር፣ የካሜራ መቅጃ፣ የሽያጭ ማሽን፣ አንድ ማንም የማያስታውሰው የሰዓት ፊርማ ማሽን። እነሱን ለማግኘት ኔትወርኩን በሙሉ የሚቃኝ ፕሮግራም አስነስታችሁ ዝርዝሩን አትሙ። ከዚያ በእግር ሄዳችሁ እያንዳንዱን በዓይን እዩ። ቀፊራ ከሸቀጥ ክምር ኋላ ሲበራ የኖረ ስዊች (ኬብሎችን የሚያገናኝ ሳጥን) ያገኘነው በዚህ ነው። ሳቢያን ቆርቆሮ ሥር የነበረውን ደግሞ ሙቀቱ ሊጨርሰው ነበር፤ ቦታ ቀየርንለት። አንድ አንዱን እያዛወርን፣ በየምሽቱ ትንሽ ትንሽ፣ አሮጌው ላይ ምንም እስከማይቀር ድረስ ሄድን። ከዚያ በኋላ ነው 192.168.1.1 የተሰረዘው። ሐረር ላይ የራውተሩን ቅንብር ከድሬዳዋ ሆኜ አልነካሁትም። ራስህ የቆምክበትን ቅርንጫፍ አትቁረጥ ይባላል፤ አሮጌውን የምሰርዘው ደንገጎን ወጥቼ፣ አወዳይን አልፌ፣ እዚያው ሐረር ቆሜ ነው።

አሁን አይፒቪ4ን እንዲተካ ስለተሠራው አይፒቪ6። "ለምን በቀጥታ እሱን አትጠቀሙም?" ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። አይፒቪ6 የመጀመሪያ ጽሑፉ የወጣው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1995 ነው፤ ሙሉ ደረጃ የሆነው በ2017። አድራሻው 128 ቢት ነው። ቁጥሩን መጥራት ትርጉም የለውም፤ ሊገባን የሚገባው አከፋፈሉ ነው። አንድ ድርጅት በተለምዶ /48 ይሰጠዋል። በውስጡ 65,536 ሰብኔት (ንዑስ ኔትወርክ) አለ፤ በእያንዳንዱ ሰብኔት ውስጥ ደግሞ ከመላው አይፒቪ4 እጅግ የሚበልጥ ቁጥር። ስለዚህ "ስንት ኮምፒውተር ይኖረኛል?" ብሎ መጨነቅ ይቀራል። የሚቀረው "ስንት ቦታ፣ በምን ቅደም ተከተል?" የሚለው ነው። የድልድሉ ጥበብ አልቀረም፤ ይልቁንም እሱ ብቻ ቀረ።

የዘገየበት ምክንያት ከአይፒቪ4 ጋር በቀጥታ ስለማይነጋገር ነው። ሁለቱን አብሮ ማስኬድ፣ ወይም በመሀል አስተርጓሚ ማስቀመጥ ግድ ነው። ልክ እኛ ቀፊራ ላይ ሁለቱን ቁጥሮች አብረን እንዳኖርናቸው፤ እኛ ግን ስዊቹን ሁሉ በስም እናውቀዋለን። አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ ልበል። አይፒቪ6 የቁጥር እጥረትን ጨርሶታል፤ የሰንጠረዡን ማበጥ አልጨረሰም። ሁለት አቅራቢ ይዤ የራሴን ቁጥር ለዓለም ላውጅ የሚል ድርጅት እዚያም አንድ መስመር ይጨምራል።

የእኛ መስመሮች ላይ ገና አልመጣም። ግን ተዘጋጅተናል። በአይፒቪ6ም ለቤት ውስጥ ብቻ የሚሆን የግል ዓይነት አለ፤ 40 ቢቱ በዕጣ ስለሚወጣ ከሌላ ድርጅት ጋር የመጋጨት ዕድሉ ከቁም ነገር አይቆጠርም። አንድ አወጣንና ሳቢያን ላይ ሞከርነው። የሰብኔቱ ቁጥር ከአሁኑ ድልድል ጋር ይመሳሰላል፤ መጀመሪያ የቅርንጫፉ ቁጥር ከ16 የሚበልጥበት፣ ቀጥሎ የዕቃው ዓይነት፦ ሐረር ካሜራ 4030፣ ቀፊራ ሽያጭ 1020። አቅራቢው ነገ የሕዝቡን ሲሰጥ ያንን በላዩ እንጨምራለን እንጂ አናፈርስም።

የሕዝቡ አይፒቪ6 ቀድሞ የደረሳችሁ ካላችሁ አንድ ነገር ቶሎ አድርጉ። እስከ ዛሬ ካሜራችሁ ከውጭ የማይታየው በጥበብ ሳይሆን በአድራሻ መጋራት ምክንያት ነው። አይፒቪ6 ላይ መጋራት የለም። እያንዳንዱ ማሽን የሕዝብ አድራሻ ይኖረዋል፤ የሚጠብቀው የራውተሩ ፋየርዎል (ያልተፈቀደውን የሚያግድ አጥር) ብቻ ነው። ብዙ ራውተር ከውጭ የሚመጣውን ዘግቶ ነው የሚመጣው፤ ሁሉም ግን አይደለም። ዋይፋይ አጥፍታችሁ፣ አይፒቪ6 ባለው በሞባይል ዳታ፣ የካሜራውን አድራሻ ራሳችሁ ሞክሩ። ከተከፈተ ለእናንተ ብቻ አይደለም የሚከፈተው።

የቀረን ራስ ምታት የካሜራ መቅጃዎቹ ናቸው። ሁለቱ አይፒቪ4 ብቻ ነው የሚያውቁት። ለሐረር አዲስ ስንፈልግ ታይዋን የሚባለው ገበያ ገባን። ሻጩ "ወላሂ ይሄ ሁሉንም ይችላል" አለ። ካርቶኑ ላይ ምንም አልተጻፈም። ሰካነውና የኔትወርክ ገጹን ከፈትን፤ ለአይፒቪ6 የሚሆን ቦታ የለም። ሁለተኛውም የለም። ሦስተኛው ነበረው፤ ዋጋው ከፍ ይላል፣ ግን ብዙ አይደለም። ሀጂ ተከራክረው አስቀነሱ። እናንተም ከመክፈላችሁ በፊት አሰክታችሁ ገጹን በዓይናችሁ እዩ።